ክራንክሻፍት ለመግዛት ከባሌ ጋር የሄድክ ጊዜ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔን ቅናት አንጀቴን እየበላኝ ነው። በማን ብትለኝ፣ በገዛ ባሌ። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ሰሞኑን ስደውልልህ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ትዘጋብኛለህ።

ያገለገለ ክራንክሻፍት ፍለጋ ከአንተ ጋር የምዞረው እኔ ነበርኩ። ከአሮጌ መኪና ሞተር የወጣውን ያን ከባድ ብረት ከክምሩ ስር ጎትተን እናወጣለን። እኔ ዘይቱን ጠርጌ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር አነብልሃለሁ፤ አንተ ከየትኛው ሞተር እንደወጣ ትነግረኛለህ። ከዚያ በገመድ አንጠልጥለን በትንሽ መዶሻ መታ እናደርገዋለን። ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ ስንጥቅ ካለው ድው ብሎ ይቀራል። «እጅሽን አንሺ፣ ሲነኩት ድምፁ ይሞታል» እያልክ ስንቴ ተቆጥተኸኛል።

አሁን ጋቢና ውስጥ፣ በእኔ ቦታ፣ ልብስ ሰፊው ባሌ ተቀምጧል፤ ያውም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ሲመለስ «ዛሬ ከአባባ ጋር ምርጥ ዕቃ አገኘን» ይለኛል። አባባ ይልሃል ደግሞ። እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ እሱ ስለ ክራንክሻፍት ያስረዳኛል። ወንድ ልጅ ሲያገኝ እኔን ጣለኝ ብዬ አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ባለፈው ጋራዥህ ስመጣ፣ አዲስ የገዛችሁትን ለአንዲት ጥቁር አሮጌ መኪና ባለቤት እያሳያችሁት ደረስኩ። ባሌ በመዶሻ መታው። አንተ መዳፍህን ብረቱ ላይ አሳርፈህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ «ጤነኛ ነው» አልክ። ክው አልኩ። አንተ፣ እጅህን ብረቱ ላይ?

ሰውየውን ልትሸኝ ስትወጣ ቀስ ብዬ እኔ፣ እጄን ሳላሳርፍበት፣ መታሁት። ድው አለ።

ማታ ባሌን ወጥሬ ያዝኩት።

«አባዬ አይሰማም አይደል?»

የያዘውን መርፌ አስቀመጠ። «ጆሯቸው ከከበደ ቆየ። እንዳልነግርሽ አስምለውኛል።»

«ለአንተ ነግሮ ለእኔ የማይነግረው ለምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። እሷ ፊት ማነስ አልፈልግም ነው ያሉኝ።»

አባዬ፣ የጆሮህ ነገር አሳዝኖኛል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ይበልጥ ያንገበገበኝ ምስጢርህን ለእሱ መስጠትህ ነው። ክራንክሻፍትና የመኪና ጭስ ማውጫ ለማይለይ ሰው። ቦታዬን መውሰዱ ሳያንስ፣ እርጅናህንም ከእኔ ቀድሞ አየው። ይሄን ልውጠው ብል እምቢ አለኝ።

ለመኪናው ባለቤት ደውዬ ከዚያ የተሻለ እየፈለግንለት እንደሆነ ነግሬዋለሁ። ስለ ጆሮህ ትንፍሽ አላልኩም። የተሰነጠቀውን ሞተሩ ውስጥ እንዳታስገባው።

ቅዳሜ ሌላ እንፈልጋለን። አንተ ሞተሩን ትለያለህ፤ እኔ መትቼ እሰማልሃለሁ። ባሌ የሚሰፋው ኮት አለበት፣ ይስፋ። በጠዋት እመጣለሁ። በር ላይ ቆሜ ሳንኳኳ እንዳልከርም አትስጋ፤ የቤትህን ቁልፍ አስቀርጫለሁ።

የማትለቅህ ልጅህ