ለመሻገሪያው አንድ ሰዓት ሲቀረን

አስናቀችዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ?

በወጣን በአራተኛው ቀን፣ የሂማሊያ ተራሮች መሻገሪያ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ሲቀረን፣ ስድስት ዓመት በተራራ የመራኝ ላክፓ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር። ከፍታው አሳምሞታል።

«ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ!» አለ። እኔም፣ ካንቺ አልደብቅም፣ በልቤ እንቀጥል ብዬ ነበር። አብራን የምትጓዘው ሚስቱ ያንግቼን ግን ሸክሙን ከጀርባው ነጠቀችው።

«ተራራው ነገም አለ፤ አንተን ከየት አመጣለሁ? ውረድ ብያለሁ!»

ደግፈን ወደ ድንኳናችን አወረድነው። ዛሬ ተሽሎት ቅቤ የገባበት ሻይ ይጠጣል። ነገ የምትመራን እሷ ናት። «እኔስ?» ሲላት «አንተ ምስር ልቀም!» አለችው።

የጉና ብርድ ለካ ቀልድ ነበር፤ እዚህ ውሃዬ በረዶ እንዳይሆን ኮዳዬን አቅፌ ነው የምተኛው። መቀመጥ አቅቶኝ በየደቂቃው እየወጣሁ ደመናውን አያለሁ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀ። እትዬ ዘነቡን ሳሚልኝ። ይህን የምጽፍልሽ ጫማዬን እንዳሰርኩ ነው።

ሽመክት