ብርድ ልብሶቹን አውርጃቸዋለሁ

መሊካ፣

መኪናዋን ይዤ ራጉኤል ጋ ያለው ጎሚስታ ሄጃለሁ፤ አንዱ ጎማ አየር ይቀንሳል። ዙህር ሰግደን ወዲያው እንወጣለን። ዛሬ አዋሽ ፓርክ እናድራለን፣ ከዚያ ወደ ባሌ ተራሮች። ድንኳኑ በሩ ጀርባ ነው። ወፍራሙን ጃኬትሽን እንዳትረሺ፤ ሳነቲ ላይ ስትንቀጠቀጪ የኔን አላወልቅልሽም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።
የኋላ ወንበር ላይ የጫንሻቸውን ብርድ ልብሶች አውርጄ አልጋሽ ላይ ከምሬያቸዋለሁ። ምነው መሊካ! ከረመዳን ጀምሮ ያቀድነው ሽርሽር እኮ ነው! "ባሌ ብርድ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል" ማለትሽ አልጠፋኝም። ግን አብራን የምትሄደው እህቴ አፍራ የት ትቀመጥ? እኛ የምንሄደው ቀይ ቀበሮ ልናይ ነው፣ ቀበሮው ደግሞ ብርድ ልብስ አይገዛም።

ትናንት ሱቅሽ መጥቼ በዚሁ ነገር ደንበኞችሽ ፊት የጮህኩብሽ ግን...
እሱን መንገድ ላይ እናወራዋለን።

ሽሮው ምድጃው ላይ አለ፣ አሙቂና ብዪ።

ሌላ ደግሞ፣ ስመለስ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ፣ ሸራ የለበሰ ነገር ታያለሽ። አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ! ኮፍያ ነው። የአዋሽ ፀሐይ አናቱን ያቃጠለው ቱሪስት በዋጋ አይከራከርም። ደግሞስ የመርካቶ ልጅ ባዶ መኪና ይዞ ይወጣል እንዴ?

ብርድ ልብሶቹን በገመድ አጥብቀሽ እሰሪና በር ላይ ጠብቂኝ። ከኮፍያው ጎን ቦታ ትቼልሻለሁ።

ሀፍሷ