አራት ቀን ያለ ምላጭ

ጥር 27
እማዬ ኪዳን ሄደች፣ ቂርቆስ። በሩ ሲዘጋ ተነሳሁ። መስታወት፣ ሳሙና፣ ምላጭ። አገጭ፣ መንጋጋ፣ ከከንፈር በላይ። ዛሬ አንገቴ ላይ ቆረጠኝ፤ ትንሽ ነው። ፓውደር ደረብኩበት። ሁለት ሰዓት ላይ ካሳንቺስ፣ ቢሮ። እንደ ማንኛዋም ሴት።
ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንድ ቀን ከዘለልኩ ይሻክራል፣ ሁለት ቀን ከዘለልኩ ይታያል። ሐኪሙ «ሆርሞን ነው፣ ብዙ ሴቶች ላይ አለ» ብሎኛል። የት ናቸው ታዲያ እነዚህ ብዙ ሴቶች? አንዷን እንኳ አይቼ አላውቅም።

የካቲት 3
እጮኛዬ ሃፍቶም ኦሎምፒያ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ሠርጋችን ሚያዝያ 18 ሆነ። አዳራሹን ይዟል። እንደ ሕፃን ደስ ብሎታል። ጉንጬን ሊስመኝ ጠጋ ሲል ወደ ኋላ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ሁሌም እንዲሁ ነኝ። ጠዋት የተላጨሁት ሳይመሽ ይኮሰኩሳል።
«አይናፋር!» ይለኛል። ደስ ይለዋል ማፈሬ።
ከተጋባን በኋላስ? አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። ስንት ሰዓት ልነሳ? ልንገረው? ምን ብዬ ልጀምር...

የካቲት 11
ሆስፒታል ነኝ። ትናንት ቢሮ ሆዴን ይዤ ወደቅኩ። ትርፍ አንጀት ነው አሉ፤ ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። አንድ እጄ ላይ ግሉኮስ፣ በሌላው ነው የምጽፈው። ሃፍቶም ለሥራ አዋሳ ሄዷል። ተመስገን።
ምላጭ የለኝም። ቢኖረኝስ? ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል?

የካቲት 12
ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ዋልኩ። በረደኝ እላለሁ። እማዬ ሾርባ ይዛ መጣች፤ ከእሷም ፊቴን አዞርኩ።
ነርሷ ረውዳ ሙቀቴን ልትለካ ገለጠችኝ። አየች። መልሳ ሸፈነችኝ። ምላጭ አምጪልኝ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

የካቲት 14
በቃ። አለቀ።
አራተኛ ቀኔ ነው። በጣቴ ስነካው የወንድ ነው፤ ደረቅ፣ ጥቁር። ጠዋት እንደምንም ረውዳን ለመንኳት። «ከሰዓት ይዤልሽ እመጣለሁ እህቴ፣ አትጨነቂ» አለችኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሃፍቶም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ነጠላዬ አንገቴ ላይ ወርዷል።
«አርያም... ምንድነው ይሄ?»
«የቆየ ነው። እላጨዋለሁ።»
«በየቀኑ?»
«በየቀኑ።»
«ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ደብቀሽ...» አልጨረሰውም። ያመጣውን ብርቱካን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠ። «ማለቴ... በቃ፣ እረፊ» ብሎ ወጣ። ግንባሬን እንኳ አልሳመኝም።
ረውዳ ምላጩን ይዛ ስትመጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

የካቲት 20
ቤት ገብቻለሁ። አይደውልም። ስደውል አያነሳም።

የካቲት 29
የሃፍቶም ታላቅ እህት ሙሉመቤት መጣች። «እትዬ እጸገነት፣ ይቅር ይበሉን» አለቻት እማዬን። «ወንድሜ ልጅ ይፈልጋል፣ ትዳር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተደብቆ...» እዚያው ተቀምጫለሁ፤ ወደ እኔ አልዞረችም። እማዬ ቀለበቱን ከጣቴ ራሷ አውልቃ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።
እንግዳዋ ስትወጣ እማዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አሁን አወቀች ብዬ።
«እኔማ ድሮ አውቃለሁ» አለች። «በዚህ ጉልበቴ በየማለዳው ኪዳን የምሮጠው ለምን ይመስልሻል? ክፍሉን ልተውልሽ ብዬ እኮ ነው።»
ስድስት ዓመት። በዝናቡ፣ በብርዱ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ተደባብቀን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር? የባሰ አመመኝ።

መጋቢት 10
አልተላጨሁም። ቢሮም አልሄድኩም።

መጋቢት 12
እማዬ ሳሙናና ውኃ አቅርባ «እኔ ላርግልሽ?» አለች። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ቆይታ ቆይታ ውኃውን ስትደፋው ሰማሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ሚያዝያ 18
እሑድ። ቀኑን ሙሉ የመኪና ጥሩምባ፣ የሰው ሠርግ። ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ ዋልኩ።

ሚያዝያ 28
ሥራ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። በየቀኑ መላጨት ትቻለሁ፤ ቆዳዬ ቆስሎ አልድን አለ። በሳምንት ሁለቴ በማሽን አሳጥረዋለሁ፣ በቃ። ቀረብ ብሎ ላየኝ ይታያል። ቢሮ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ድፍረት አይደለም። ደክሞኝ ነው።
ዛሬ ጠዋት ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ ሃፍቶም ፊት ለፊት ገጠመኝ። እሱም ጺሙን አሳጥሮ አስተካክሎታል፤ ዳሩ በምላጭ ተሰምሯል። ያምርበታል። የሚያልፉ ሴቶች ዞረው አዩት።
«ደህና ነሽ?» አለኝ። ዓይኑ አገጬ ላይ ነው።
«ደህና ነኝ።»
እጄ ተነስቶ ሊሸፍነው ነበር። ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩበት።
«አውቃለሁ፣ አስቀይሜሻለሁ። ማለቴ... ብትነግሪኝ ኖሮ...»
«ብነግርህ ኖሮ?»
ታክሲ መጣ፣ ገባሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ አየችኝ። ዞር አለች፣ ደግማ አየችኝ። እንባዬ ይወርዳል። ካሳንቺስ እስክደርስ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አላዞርኩም።