እንደ ዶሮ የታሰረችው ጥንቸል

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለእህቴ ለእትዬ አሰገደች፤ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎ ወይስ ብርዱ አሁንም ይነዝርዎታል? ጋሼ ኃይለየሱስ፣ ልጆቹ፣ ላሚቱ ሳትቀር ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ጎባ ግን ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ አልገለጥ ብሎናል፤ የእኔም ልብ ከጉሙ አልተሻለም።

እትዬ፣ መደበቅ አልችልም። መውለድ እምቢ ቢለኝ አዝነውልኝ ልጅዎን ውዴን እንዳሳድጋት ሰጡኝ፤ እሷ ግን ቤቴን አልለመደችም። ያበሰልኩላትን ቆንጥራ ትተወዋለች። ስጠራት አቤት ትላለች እንጂ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። ልብሷ ከእርስዎ ቤት እንደመጣ በጥቅሉ ተቀምጧል፤ ሳጥን ብሰጣት አልፈልግም አለች።

ባለቤቴ ገብረ ሥላሴ መላ ያገኘ መስሎት አንዲት ነጭ ጥንቸል ይዞልን መጣ። አገሯ የምትመለስ ፈረንጅ ነርስ ሰጥታው ነው። እኔማ እርኩስ እንስሳ ቤቴ አይገባም ብዬ ተቆጣሁ። የንስሐ አባታችን ቢሰሙ ምን ይሉኛል! ውዴ ግን እቅፍ አድርጋት ፈገግ ስትል አፌን ያዝኩ። የልጅቷን ጥርስ ያየሁት ያን ዕለት ነው፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ጥንቸሏ ከለመደች ውዴም አብራ ትለምዳለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

እንግዲህ ጥንቸል እንዴት እንደምትለምድ ማን አስተምሮኝ? ዶሮ ከገበያ ስትመጣ እንደምናደርገው፣ እግሯን በሲባጎ ከአልጋው እግር ጋር አሰርኳትና ገብስ በተንኩላት። ቤቱን ስታውቅ እፈታታለሁ ብዬ ነው። ውዴ ፍቺያት ብላ ለመነችኝ። ካልታሰረች ትጠፋብሻለች ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ቅዳሜ ለታ ጎረቤታችን ጫሊ ቅቤ ይዛልኝ ብቅ ስትል ውሻዋ ተከትሏት ገባ። ጥንቸሏ ደንግጣ ስትዘል ሲባጎው ያዛት፤ እግሯ ቀጭ አለ። ወይኔ እትዬ፣ እንደ ሕፃን ጮኸች! ጫሊ ማል ታቴ፣ ምን ሆነች እያለች ውሻውን አባርራ በጨርቅ ጠቀለለችላት፤ አልበጀም። በማግስቱ ሞተች።

ውዴ አላለቀሰችም። ጓሮ ከኮሶው ሥር ቀብረናት ስንመለስ ቀና ብላ አየችኝና፣ እኔስ ሳልለምድ ብቀር ምን ታደርጊኛለሽ አለችኝ።

እትዬ፣ እወዳታለሁ፤ ስትሄድ ይህ ቤት ባዶ እንደሚሆንብኝም አውቃለሁ። ገብረ ሥላሴ ትንሽ ታገሺ፣ ልጅ መልመዷ አይቀርም ይላል። እኔ ግን ማሰሩ በቅቶኛል። ዝናሙ አባርቶ መንገዱ ደህና ሲሆን እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ። እባክዎ አይቀየሙኝ።

ለጋሼ ኃይለየሱስ እጅ ነስታለች ይበሉልኝ። ወለተኢየሱስን ጉንጯን፣ ትንሹን ማሙሽ ግንባሩን ይሳሙልኝ። ለጎረቤቶቹም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ውዴን ለእናትሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ ከወለተኢየሱስ ጋር የምተኛበትን ቦታ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ በያት አለችኝ። አደራ እትዬ፣ ማንም እንዳይተኛበት።

እህትዎ ማናልበሽ
ጎባ፣ ባሌ
ጥቅምት ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.