አባዬ፣ ያንን ጣሪያ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ የጀመርኩት ነገር ይለቅ ብዬ ነው። አሁን አልቋል። የሠራሁትን ከራሴ አፍ ስማ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ታራዴል ሰፈር ያለውን ቤት አልለቀቅንም። ጋራዡም አንተ እንደተውከው ነው። መኪናዬን ደጅ ፓርክ እያደረግኩ በክረምት ጠዋት ጠዋት በረዶ ስፍቅ ጎረቤቶቻችን ይገርማቸዋል። ምን ላድርግ? መዶሻዎችህን ከመስቀያቸው፣ ላሜራ የምትቆርጥባቸውን የካርቶን ልኮች ከሣጥናቸው ማንሣት አልሆነልኝም።

ኦግደን ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ በአለቃህ በዌይን ሾፕ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራህ። እሱ በየእርሻው እየዞረ ሣር የበቀለባቸውን የጥንት መኪኖች ይገዛል፤ አንተ ቆራርጠህ ሆት ሮድ የሚሉትን የትርኢት መኪና ታደርጋቸዋለህ፤ እሱ ይሸጣል። ልጅ ሳለሁ ሰዎች ሥራህን ሲጠይቁኝ ማስረዳት ያቅተኝ ነበር። አባቴ ባትላሜራ ነው፤ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፤ ጣሪያውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲጨርስ መኪናው ቆሞ እንኳ የሚበር ይመስላል እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ዓይኔን አስጨፍነህ እጄን ጣሪያ ላይ አስኬድከው። «የተበየደው የት ጋ ነው?» አልከኝ። ወዲያ ወዲህ ዳሰስኩ፤ አጣሁት። «ካገኘሽውማ አልሠራሁም ማለት ነው» ብለህ እንዴት እንደሳቅክ!

የመጨረሻ ሥራህን፣ ጥቁሯን መኪና፣ ሁለት ክረምት ፈጀህባት። ትከሻህን እያመመህ ነው የጨረስካት። ከዚያ ልብህ ቀጥ አለች።

ዌይን ቀብርህ ላይ እማዬን አቅፎ አለቀሰ። አመሰገንኩት፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ይበግነኛል። በዚያው በጋ የመኪና ትርኢት ነበርና ሥራህን ትይልህ ብዬ እማዬን ይዣት ሄድኩ። ጥቁሯ መኪና መሀል ላይ ቆማለች፤ ሰው ከቧታል። ሰሌዳው ላይ ዲዛይኑም፣ ላሜራውም፣ ብየዳውም የዌይን ነው ይላል። እሱም ጣሪያውን በገዛ እጁ እንዴት እንደቆረጠ ያወራል። አንዱ ረዳት ነበረህ ወይ ሲለው፣ «አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነበር፤ ሾፑን ይጠርግልኝ ነበር» አለ።

እማዬ እንግሊዝኛው ባይገባትም ኢትዮጵያ የሚለውን ሰማች። ፊቷ በራ። «ስለ አባትሽ ነው የሚያወራው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ እያመሰገነው ነው» አልኳት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

እዚያው ቆሜ ማልኩ። እናቴን ባሌ ተመሰገነ ብላ እጅ እንድትነሣው ያደረጋትን ሰው አልምረውም አልኩ።

ዕድሉን ራሱ ይዞልኝ መጣ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጥቁሯን አይቶ፣ የሟች ወንድሙን አሮጌ መኪና ልክ እንደሷ አድርግልኝ ብሎት ኖሯል። ዌይን ቃል ገባ። ላሜራ በሕይወቱ ቆርጦ አያውቅም። ሌላ ባለሙያ እንዳይጠራ ደግሞ ሠሪው እኔ ነኝ ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ኅዳር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቤታችን መጣ። የካርቶን ልኮችህን ለማስታወሻ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ጋራዥ አስገባሁት፤ በርጩማህ ላይ ተቀመጠ። ካርቶኖቹን አገላበጠና የተጻፉት በአማርኛ መሆኑን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ።

«ታነቢልኛለሽ?» አለኝ።

ሻይ እንኳ አፈላሁለት። አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ ሁሉንም በትክክል። የኋላ መስኮቱ ልክ ላይ ስንደርስ በቀይ እርሳስ «መስኮቱ እንዳለ ይቅር። እዚህ አትቁረጥ» ብለሃል። ለምን እንደጻፍከው አውቃለሁ። የመጀመሪያ መኪናህን እዚያ ላይ ቆርጠህ አበላሽተህ፣ ያ ቅርጽ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም ብለህ ሳምንት ሙሉ አኩርፈህ ነበር።

«ይኼ ምን ይላል?» አለኝ።

«እዚህ ቁረጥ ይላል» አልኩት።

በማርከር አሰመረበት። ሻይ ጨመርኩለት።

ጥር ላይ ኮል አደረገልኝ። ጣሪያው እንደተረገጠ ባርኔጣ ተጣሟል፤ የመስኮቱ ፍሬም ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ገበሬው ቅዳሜ ሊያይ ስለሚመጣ ከዚያ በፊት መጥተሽ እንደገና አንብቢልኝ ብሎ ለመነኝ። ሺፍቴን ቀየርኩና ልኮችህን ይዤ ቅዳሜውኑ ሄድኩ፤ ሽማግሌው እዚያው እያለ።

አባዬ፣ ሽማግሌው አልጮኸም። የተሰነጠቀውን ብረት እየዳሰሰ፣ «ወንድሜ መንዳት ያስተማረኝ በዚህች ነው» ብቻ አለ። ስለ ዌይን ሳስብ ስለዚያ ሰው አንድ ቀን አላሰብኩም ነበር።  ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ጥቁሯን የሠራት አባቴ ነው፤ ይችን ያስቆረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ ነው ያሳሳትኩት አልኩ።

ሽማግሌው አንድ መዶሻና ቁራጭ ላሜራ አነሣና ለዌይን ዘረጋለት። «እስቲ ጎበጥ አድርገህ አሳየኝ» አለው። ዌይን መዶሻውን አልተቀበለም።

«እሺ፣ እሱ ነው የሠራት» አለ።

«እሱ ማን?» አልኩት። ዐሥራ አንድ ዓመት አብረኸው ሠርተህ ሙሉ ስምህን መጥራት አይችልም። ጸጋዬ ቦጋለ እስኪል ድረስ አራት ጊዜ አስደገምኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እያንዳንዷ ጊዜ ጣፈጠችኝ፤ አልዋሽህም።

ሽማግሌው መኪናውን ጭኖ ሄደ። እጁን አልሰጠኝም። ልኮችህን በሙሉ፣ አሁን ሳላዛባ፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ላክሁለት። ሌላ ባለሙያ አግኝቶ የመስኮቱን ፍሬም ከአዲስ ላሜራ እያሠራ እንደሆነ ጽፎልኛል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። ይኼኛው ይቆረቁረኛል።

አዘጋጆቹ ዘንድሮ ትርኢቱ ላይ ጥቁሯ መኪና አጠገብ ስምህ ያለበት ሰሌዳ አቆሙ። እማዬን ወስጄ ሆሄ በሆሄ አነበብኩላት። ነገሩን አገር ከሰማው ወዲህ ለዌይን ሥራ የሚሰጠው ሰው ጠፍቶ ሾፑ ተዘግቷል። ከሥራ ስወጣ መንገዴ ባይሆንም በኦግደን አድርጌ በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አይቼ አልፋለሁ።

በሙት ዓመትህ ዌይን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አበባ ይዞ ጠበቀኝ።

«አባትሽ ቢሆን ይቅር ይለኝ ነበር» አለ።

«ይልህ ነበር። ለዚህ አይደል የደፈርከው?» ብዬው እማዬን ደግፌ አለፍኩ። አበባውን አልተቀበልኩም።

አባዬ፣ ለዌይን ይቅርታ የለኝም። ይቅርታ የምጠይቀው አንተን ነው፤ ስለ ብረቱና ስለዚያ ሽማግሌ። አንተ ብትሆን ለተበላሸው መስኮት ታዝን እንደነበር፣ እኔንም ቀና ብለህ እንደማታየኝ አውቃለሁ።

እስካለሁ አልረሳህም። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ባስታወስኩህ ቁጥር ያ ሰው ከኋላህ ተከትሎ ይመጣል። አንድ ቀን እሱ ቀርቶ ብቻህን እስክትመጣልኝ ድረስ ማስታወሴን አላቆምም።

ልጅህ ሜሮን