መርፌው እስኪወርድ የሚጠብቁት መካኒክ፦ የአቶ አንዳርጋቸው ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ አንዳርጋቸው ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋና መኮንን በአምባሰል፣ ውጫሌ አቅራቢያ ሚያዝያ 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ደሴ በሚገኝ ጋራዥ ተቀጥረው ሙያውን ተማሩ። በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ ጸዳለ ሞላን በተክሊል አገቡ፤ በዓመቱም ሐይቅ ከተማ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

አቶ አንዳርጋቸው ሰው ይንቁ ነበር። ይህን መደበቅ ለሟች ክብር አይሆንም። የዘይት መብራት ሲበራ መብራቱን የሚወቅስ ሾፌር ወይም ሳይለካ ወፍራም ዘይት የሚያዝ መካኒክ ፊታቸው ሲቆም፣ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ ነበር። ከለቀስተኛው መካከል ይህ የደረሰበት ብዙ ነው፤ ራሱን ያውቃል።

መስከረም 19 ቀን 2008 ዓ.ም. የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም አቶ ፈንታሁን ሞላ የግሸን ተጓዦችን በአሮጌ አውቶቡሳቸው ጭነው፣ ጎማ ሊያስነፉ ጋራዡ ደጅ ቆሙ። አቶ አንዳርጋቸው ዳሽቦርዱ ላይ ከተለጠፈው የእመቤታችን ስዕል ጠርዝ ቀይ ብርሃን ሲያፈተልክ አዩ። ስዕሉን ተሳልመው ላጡት፤ ከሥሩ የዘይት ግፊት መብራት ቦግ ብሏል።

«ጋሼ፣ መብራቱ ነው የተበላሸው፤ ከሐምሌ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉ አቶ ፈንታሁን።

«ሞተሩም ከሐምሌ ጀምሮ እንዲሁ ነዋ።»

ዘይቱን ለኩ፤ ሙሉ ነው። የመብራቱን ሴንሰር ፈተው በቦታው የግፊት ጌጅ ገጠሙ። ሞተሩ ሲነሣ መርፌው ደህና ቆመ፤ አቶ ፈንታሁን ወደ ተሳፋሪው ዞረው ሣቁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መርፌው ወደ ዜሮ ወረደ። አጥፍተው፣ ጥቂት ጠብቀው አስነሡት፤ ሞተሩ ትኩስ እያለ መርፌው ተነሣ፣ ቆይቶ ዳግም ወደቀ። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚን አልቆ ቢሆን ትኩስ ሞተር ላይ መልሶ ባልተነሣ። እንግዲህ የዘይት መሳቢያውን የሚዘጋ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚለቅ ነገር አለ። የዘይት ማጠራቀሚያውን ሲያወርዱ የመሳቢያው ወንፊት በሲሊኮን ማጣበቂያ ፍርፋሪ ተደፍኖ ተገኘ። በሐምሌ ማጠራቀሚያውን ሲገጥሙ ማጣበቂያውን እንደ ቅቤ የለቀለቁት አቶ ፈንታሁን ራሳቸው ነበሩ። አቶ አንዳርጋቸው ፍርፋሪውን በሰሐን አድርገው ለአምሳው ተሳፋሪ እንደ ቆሎ አዞሩት።

አቶ ፈንታሁን አንቱታውን ሳይለቁ፣ «እርስዎ ለሞተር እንጂ ለእህቴ አልበቁም» አሉ። አውቶቡሱ በማግስቱ ለዋዜማው ደረሰ። አቶ ፈንታሁን ግን ዘጠኝ ዓመት የእህታቸውን ደጅ አልረገጡም።

በ2016 ዓ.ም. አቶ አንዳርጋቸው በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። ያ አውቶቡስ በአስፋልቱ ሲያልፍ በድምፁ ይለዩት ነበር። «ሞተሩ ደህና ነው» ይሉና «ቆመ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወይዘሮ ጸዳለ «አልቆመም» ይላሉ። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ የአምባሰልን ለቀስተኛ ጭኖ ደጃቸው ቆሟል።

ወይዘሮ ጸዳለን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ዝርዝሩን በሕይወት ሳሉ ራሳቸው አስጽፈዋል፤ መጨረሻው ላይ «ወንድሜ ፈንታሁን ሞላ» ይላል። ከስሙ በፊት «ሙያ የማያውቀው» የሚል እንዲገባ ጠይቀው ነበር፤ ወይዘሮ ጸዳለ ይውጣ ስላሉ ወጥቷል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ ጋር ያሳርፍ፤ የተናቅነውም ይቅር እንድንላቸው ልብ ይስጠን።