ለሁለት የማይደርስ ባና

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ተመለስኩ። እስከ ውሃ ታንከሩ ድረስ ዳገቱን ወጥቼ፣ ወርጄ። ሣሩ ውርጭ ለብሷል፣ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ጆሮዬ የኔ አይመስለኝም። ጉልበቴ ግን የኔ ነው፤ ያመኛል። ቁርስ፦ ሻይ ያለ ስኳር። ዳቦ የለም። አለ፣ ግን ለኔ የለም።

ለምን እንደምሄድ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ። ባሌ ጌታነህ ለራሱ ብርድ ልብስ ገዝቷል። የሱቅ፣ ነብር የተሳለበት። የበግ ጠጉር ባናችንን ለኔ ተወልኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አንድ አልጋ ላይ በየራሳችን ተጠቅልለን እንተኛለን። ምነው ስለው ሞቀኝ አለ። በኅዳር። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ። በዚህ ከተማ በኅዳር የሞቀው ሰው እሱ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። መስታወት ፊት ቆሜ ጎኔን አየሁት። ገባኝ መሰለኝ።

ት/ቤት ረፈደብኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ረቡዕ ጥሩ ቀን ነው። ጾም ስለሆነ አለመብላቴን ማንም ልብ አይልም።

ልጆቹ ወጥተዋል። ደብተር ማረም ነበረብኝ፣ ስለ ባናው አስባለሁ። አባቴ በጎቹን ሸልቶ፣ እናቴ ፈትላ፣ ለሠርጋችን ያሸመኑልን። ቀለም ያልነካው ጥቁር፤ በጉ ራሱ ለብሶት የኖረው። በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ ጎን ለጎን የተሰፋ። ከባድ። እርጥበት ሲነካው በግ በግ ይሸታል።

ዘመሮ፣ መምህርት ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩበት። የተከራየናት ክፍል ግድግዳ ነፋስ ያስገባል። ሁለታችን ባናው ውስጥ ገብተን ይተርፍ ነበር። ጌታነህ የተረፈውን ዳር ከወገቤ ሥር ይወትፍልኛል፣ ከዚያ በእግሩ እግሬን ይፈልጋል። ቀጭን ነበርኩ። የት ገባሽ፣ ጠጉሩ ውስጥ ጠፋሽብኝ ይለኛል።

አሁን እንዲያ አይልም። የትም ልጠፋበት አልችልማ።

እርጥብ ጠጉር፣ ላምባ፣ የሱ አንገት። ቁጭ ባልኩበት ሸተተኝ። የክፍሉ መስኮት ዝግ ነው።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ያዙኝ። ማን አባረረሽ አሉኝ። ለጤና ነው አልኩ።

«ጤና ያለው ይወፍራል እንጂ ይሮጣል? በግ ብትሆኚ ለገና ስንት እንደምታወጪ ታውቂያለሽ?»

ሳቅን። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ብትከሺ የሚታማው ጌታነህ ነው፣ ምን ነፍጓት ነው ይሉታል አሉኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ብወፍር የኔ ሐፍረት፣ ብከሳ የሱ።

ቤት ገብቼ የጫጉላ ጊዜ ቀሚሴን ሞከርኩ። ክንዴ ላይ ቆመ። ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት፣ ሰው እንደማስተኛ ቀስ ብዬ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ወደቅኩ። ወደቅኩ እንኳን አይባልም፤ ሰሌዳው ራቀኝ፣ ጠመኔው ከእጄ ሾለከ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አራተኛ ክፍሎች እንዲህ ጸጥ ብለው አያውቁም።

ጌታነህ ከግብርና ጽ/ቤት ድረስ በእግሩ መጣ፤ ላብ በላብ ሆኖ። ምን በላሽ አለ። የጠመኔውን ብናኝ ከቀሚሴ አራገፍኩ። መንገድ ላይ ግን አልቻልኩም፤ በመወፈሬ ነው ወይ ለብቻህ የምትለብሰው አልኩት።

ቆመ። ባናው ለሁለታችን መድረስ ካቆመ ቆይቷል አለኝ። ከካቻምና ጀምሮ ጀርባው ውጭ ነው የሚያድረው። ዳሩን ወደኔ ይገፋዋል፣ እኔ አልነቃም። ዘንድሮ ወገቡ እምቢ አለው። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«በምን አፌ? ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ስትወጪ አንድ ጊዜ ቀለድኩ፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ። ልድገመው?»

ጃኬቱን ከፍቶ ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ደሞ ይሄስ? ይሄ የማን ነው?»

አየሁት። ቀበቶውን አልፎ የወጣ፣ ክብ። መቼ መጣ? እኔ ጎኔን ስመለከት ባሌ ፊት ለፊቴ ተለውጧል። ዘመሮ ላይ እግሬን የሚፈልገው ያ ቀጭን ልጅ የት እንደሄደ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ቤት ስንደርስ እንቁላል ጠበሰልኝ። አሳረረው። በላሁት።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

የነቢያት ጾም ገባ። ባናውን ተሸክመን ሸማኔው አያ ሞገስ ቤት ሄድን። መሬት ላይ ዘርግተው ዳበሱት። ማን ነው በሙቅ ውሃ ያጠበው አሉ። እኔ።

«ተኮማትሯል። እናንተ ሰፋችሁ፣ እሱ ጠበበ። ከሁለት ወገን ነው።»

አንድ ቁራጭ ሸምነው ይጨምሩበታል። ግን እንዲህ ያለ ጥቁር ጠጉር የላቸውም፤ ቡናማ ነው ያለው፣ ከሩቅ ያስታውቃል። ያስታውቅ አልኩ። ዳር ላይ ልስፋው፣ በማን በኩል ይሁን አሉን።

ጌታነህ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። በሱ በኩል ቢሆን የሰፋው እሱ ነው። በኔ በኩል ቢሆን እኔ።

መሃሉን ይፍቱትና እዚያ ያስገቡት አልኳቸው።

ሥራው ይበዛል ብለው አጉረመረሙ። የአባቴን በጎች ጠጉር፣ የእናቴን ክር በምላጭ ጫፍ መፍታት ሲጀምሩ ፊቴን አዞርኩ። ጌታነህ ክንዴን ያዘኝ። ቀሚሱ የቆመበት ላይ።

ኅዳር 16፣ እሑድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ባናው እስኪመለስ ሁለታችንም ነብሩ ሥር ነን። አይበቃም። ጀርባዬ ውጭ አደረ። አልነገርኩትም።

ዳቦ በሻይ በላሁ። ዳገቱን መውጣት አልተውም፤ ውርጩን ወድጄዋለሁ። ቀሚሱን ግን ለእህቴ ልጅ እሰጣለሁ፤ ቆርጫለሁ። ጌታነህ አብሬሽ እወጣለሁ ብሎኛል። የድሮ ሸራ ጫማውን ከአልጋ ሥር እየፈለገ ነው፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያለከለከ። አንዱን አግኝቷል። ሌላው የት ገባ እያለ ይጠራኛል።